ለእንግዳ ባዶ ሳህን

ከአስቤዛ ዝርዝርና ለልጄ አስተማሪ ከምልካቸው አጫጭር መልእክቶች በቀር በሕይወቴ ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሐሳቤ ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። ባለቤቴ ዮናስ፣ "አንቺ ስትናደጂ ድስት ነው የምትፈገፍጊው" ይለኛል። እውነቱን ነው። በዚህ ከቀጠልኩ የቤታችን ድስት ሁሉ ተበስቶ ያልቃል። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ።

ሰዎች አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። "ሆስፒታል ውስጥ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰሽ፣ ከዶክተሮች ጋር ስትሠሪ ቆይተሽ እንዴት ለቀቅሽው?" አሁን የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። "ከአንሶላ ምን አገኘሽ?" ይሉኛል። ዝም እላለሁ። መልስ አጥቼ እንዳልሆነ ይህን የሚያነብ ይወቅልኝ።

ሜልበርን የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ክሬጊበርን ቤት ተከራየን። የመጀመሪያ ሥራዬ ላቨርተን ኖርዝ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጆሯችን ላይ ማዳመጫ እናደርጋለን፤ አንድ የማሽን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ወደዚህ ሂጂ፣ ያን አንሺ፣ ቀጥይ ይለናል። ለእኔ ዓይነቷ ዓይነ አፋር አንድ ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ማንንም ማናገር አያስፈልግም። አለቃችን "ትዕግሥት" ማለት ስላቃተው "ቲ" ብሎ አሳጠረኝ፤ ስሙ ተጣብቆብኝ ቀረ። ወገቤን ሲያመኝ ሺፍቴን እየቀነሱ እየቀነሱ ሄዱና አንድ ሳምንት ላይ ጭራሽ ሳይደውሉልኝ ቀሩ። ማንም አላባረረኝም። ዝም አሉኝ እንጂ። ንዴትን የጀመርኩት እዚያ ይመስለኛል።

ቀጥሎ በአረጋውያን መጦሪያ፣ ከዚያ በአንድ ሆስፒታል ጽዳት ሠራሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ንዴቴ ወደ ሕንፃው ይሄድና ሰዎቹ ያመልጡኛል።

ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ የምርምር ክፍል ነበር። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያደርቅ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ይመጣሉ። ጭንቅላታቸው ሳይከፈት፣ ቆዳቸው ሳይበሳ፣ ከውጭ በማግኔት አንጎላቸውን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ይሞከርላቸዋል። አንድ ቀን ኮሪደሩን ስወለውል አንዲት አሮጊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። መሣሪያው አጠገብ ብረት የሚባል ነገር አይገባም፤ ፀጉሯ ደግሞ በሽቦ ማያያዣ ተሞልቷል፤ አንድ ወጣት እየጎተተ ያወጣላታል። መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሄድኩና አንድ በአንድ አወጣሁላት። ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ሹሩባ እሠራ ነበር፤ ጭንቅላት ሳላሳምም መያዝ አውቃለሁ። ቀና ስል ነርሷ ሎሬን በር ላይ ቆማ ታየኛለች። "ይህ እጅ መወልወያ ላይ ምን ይሠራል?" አለች። በሚቀጥለው ወር የክፍሉ ረዳት ሆንኩ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ግን ተቀምጬ ሻይ መጠጣት ጀመርኩ።

ስለ ሎሬን ልንገራችሁ። ስድሳ ያለፋት፣ በአንድ ጉልበቷ የምታነክስ፣ ሳቋ ከሦስት ክፍል ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። የሰው ጭንቅላት ከመንካቷ በፊት መዳፏን የሻይ ኩባያ ላይ ታሞቃለች። በሽተኛውን ከበር ወደ ወንበሩ ስትወስድ ከኋላ ትሆናለች እንጂ ከፊት አትጎትትም። "ዘና ይበሉ" የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። "ዘና በል የተባለ ሰው ሁሉ ይገተራል" ትላለች። በዚያ ፋንታ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያበስል ትጠይቃቸዋለች፤ ሰው ስለ ምግብ ሲያወራ ትከሻው ይወርዳል።

የዋና ቆብ የመሰለ ነገር እናለብሳቸዋለን፤ ቦታው በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል። ጆሯቸውን እንደፍናለን። ከዚያ ኮይሉ ይመጣል። ፕላስቲክ ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ቅርጹ ሁለት ቀለበት ጎን ለጎን የተጣበቀ ይመስላል፤ ይከብዳል። ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ እንደ ግንደ ቆርቁር ቀጭ ቀጭ ይላል። በመጀመሪያው ቀን እጅን የሚያዘውን ቦታ እንፈልጋለን፤ ቦታው ሲገኝ የበሽተኛው አውራ ጣት ሳያዘው ብድግ ይላል። ኮይሉ በጣት ስፋት ያህል እንኳ ከተንሸራተተ ሥራው ከንቱ ነው፤ ስለዚህ የእኔ ሥራ ጭንቅላቱን ይዞ እንደ ድንጋይ መቆም ነበር።

ከሎሬን ልማዶች ሁሉ የምወደው አንድ ነበር። ከእያንዳንዱ በሽተኛ በፊት ኮይሉን የገዛ ክንዷ ላይ ታደርግና ትተኩሰዋለች። ጣቶቿ ይዘላሉ። "ራሴ ላይ ያላደረግሁትን ሰው ላይ አላደርግም" ትላለች። ይህ ነገር ልቤን ያሞቀዋል። እኛ አገር ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ለእንግዳ ያቀርባል። ፈረንጅ አገር ቀምሶ የሚያቀርብ ሰው አገኘሁ ብዬ ለዮናስ ነገርኩት።

ጋሼ መኮንን የመጡት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊትም አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ እሑድ እሑድ እኔና ዮናስ ከፊትዝሮይ የመንግሥት ፎቅ በመኪና እንወስዳቸዋለን። አገር ቤት የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ፤ ተሳቢ ነድተዋል። ሚስታቸው ሞታለች፤ እዚህ የተወለደችው ልጃቸው ሩት ብቻ ናት ያለቻቸው። አባቷ በአማርኛ ሲናገሩ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሁለቱም ተግባብተው ይጣላሉ።

ፓርኪንሰኑ እጃቸውን ያን ያህል አላስቸገረም፤ እግራቸውን ነው የያዘው። ደህና ሲሄዱ ቆይተው በር ጋ ሲደርሱ እግራቸው ወለሉ ላይ ይጣበቃል። ከሁሉ የከፋው የፎቁ ሊፍት ነው። በሩ ይከፈታል፤ ሰውነታቸው ወደፊት ያዘነብላል፤ እግራቸው እምቢ ይላል፤ በሩ ይዘጋል። እንደገና ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጎረቤቶች በትሕትና ይጠብቃሉ፤ ያ ትሕትና ነው የሚገላቸው። ለዚህ ከሎሬን የተማርኩት ዘዴ አለ፤ እግሬን ከፊታቸው አጋድሜ አስቀምጣለሁ፤ የሚሻገሩት ነገር ሲያዩ እግራቸው ይነሣል።

"ረዳት!" ይሉኛል ሲጣበቁ፣ በሾፌር ድምፅ፤ "ከጎማው ሥር ታኮውን አንሺልኝ እንጂ! ጭነት ይዘን ዳገት ላይ ቆመን እንዋል?"

"ጋሼ፣ እኔ ታኮ አስቀመጥኩ እንጂ መች አነሣሁ?"

"እሱ ነው የገረመኝ። የእኔ መኪና ታኮ ሲደረግለት ነው የሚነሣ።"

የሚመኙት አንድ ነገር ነበር። ለማኝ ሳይሆኑ፣ ማንንም ሳይጠሩ፣ ብቻቸውን ሊፍቱ ውስጥ ገብተው መውረድ። ሌላ ምንም አላሉም። ሐኪማቸው ወደኛ ክፍል የላካቸው ይህን ሰምቶ ነው።

የፈረሙበት ቀን እኔም ነበርኩ። ዶክተሩ ሂዩ ይባላል። እስከ ውጭው በር ወጥቶ ተቀበላቸው፤ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው፤ ወንበር ሳበላቸው። አስተርጓሚ ቀጥሯል። ምንም አልደበቀም፤ ይህን መካድ አልችልም። "ግማሹ ሰው እውነተኛውን ያገኛል፤ ግማሹ ድምፁን ብቻ የሚያሰማውን፣ ባዶውን። በዕጣ ነው። ማን የቱን እንዳገኘ እኔም አላውቅም፤ መሣሪያውን የምትይዘው ነርስ ብቻ ናት የምታውቀው። ሲያልቅ ባዶ የደረሳቸው ከፈለጉ እውነተኛውን ያገኛሉ። በዚህ መካከል ክኒንዎን እንዳይቀይሩ" አለ። አስተርጓሚዋ አንድም ቃል አላጎደለችም።

"እሺ" አሉ ጋሼ። "እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ጥያቄ አለዎት ወይ ይላል" አለች አስተርጓሚዋ።

"ምን ጥያቄ ይኖረኛል? ዶክተሩ እሱ፣ በሽተኛው እኔ።"

ኮሪደር ላይ ስንወጣ አላስችል አለኝና "ጋሼ፣ ባዶውም ሊደርስዎት ይችላል እኮ" አልኳቸው።

"ለማን? ለእኔ?" ቆሙ፤ በሽታው አልነበረም ያቆማቸው። "ልጄ፣ ሽማግሌ ነኝ። እንግዳ ነኝ። በር ድረስ ወጥቶ እጄን ይዞ ያስገባ ሰው ባዶ ሳህን ያቀርብልኛል? ያንን ለጎረምሶቹ ይሰጡታል።"

"በዕጣ ነው አሉ።"

"ዕጣውን የሚያወጣው ሰው አይደለም እንዴ? ሰው ያፍራል።"

ሳቅኩ። ውስጤ ግን እውነታቸውን ነው አለ። ያደግነው እንዲህ ነው። በአክብሮት የተቀበለህ ሰው ሳህኑን ባዶ አድርጎ አያቀርብም፤ ከሌለው የለኝም ይላል። "ባዶ ሊሆን ይችላል" ብሎ በግልጽ ነግሮ፣ እጅ ነስቶ፣ ከዚያ እውነትም ባዶ የሚያቀርብ ሰው በእኛ አእምሮ ውስጥ ቦታ የለውም።

በመጀመሪያው ቀን አውራ ጣታቸው ብድግ ሲል ጮኹ። "አየሽ? አየሽ ወይ? ሳላዘው ተነሣ! ባዶ ነው ያለው ማነው?" የመጀመሪያው ቀን ልኬታ ለሁሉም በእውነተኛው ኮይል እንደሚደረግ፣ ባዶ ለሚደርሰውም ጭምር፣ ያኔ እኔም አላውቅም ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ለሳምንታት ተመላለሱ። እኔ ጭንቅላታቸውን እይዛለሁ፤ ሎሬን ኮይሉን ትይዛለች፤ እሳቸው በዓይናቸው ጥቅሻ ይቀልዳሉ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ኮይል ነበር። ኮይል ስለሚሞቅ አንዱ ሲግል በሌላው የሚቀየር ይመስለኝ ነበር። ሎሬን በጋሼ ተራ ክንዷ ላይ እንደማትተኩስ አይቻለሁ። ስለምትወዳቸው ቸኩላ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ በአንድ እሑድ ልንወስዳቸው ሄድን። ሊፍቱ ተከፈተ። ልማዴ ነውና እግሬን ላጋድም ስል፣

"ዞር በዪ ረዳት" አሉኝ።

አንዲት ቬትናማዊት ጎረቤታቸው የገበያ ጋሪዋን ይዛ ውስጥ ቆማለች። ጋሼ ኮታቸውን አስተካከሉ። ትንፋሻቸውን ሳቡ። ቀኝ እግራቸው ተነሣ፤ ግራው ተከተለ። ገቡ። ዞረው ወደኔ ሲያዩ በሽታው ያደረቀው ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይናቸው ግን ውኃ ሞልቷል። ጎረቤታቸው ጋሪዋን ለቃ አጨበጨበች። በሩ ሊዘጋብኝ ሲል ሮጬ የገባሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬም ምድር ቤቱ ውስጥ ነበርኩ።

በዚያው ቀን የአምልኮ መሪያችን ወንድም ዳንኤል ምስክርነት ያለው ሰው እንዲወጣ ጠየቀ። ጋሼ ተነሡ፤ ብቻቸውን እስከ ፊት ሄዱ። ማይክ ተሰጣቸው። "ይህች ትዕግሥት የምትሠራበት ቤት ራሴን በማግኔት እያንኳኩ…" ብለው ሳይጨርሱ ዳንኤል ማይኩን ቀስ አድርጎ ወሰደው። "መሣሪያውንስ የፈጠረው ማን ነው? ጌታ ነው! ክብሩን ለሌላ አንሰጥም! ሃሌ ሉያ በሉ!" ጉባኤው ተነሣ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። እኔም አለቀስኩ። መዝሙሩ ሲያልቅ፣ ሻይ ላይ፣ ዳንኤል ትከሻቸውን አቅፎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

"ጋሼ፣ አሁንም ክኒኑን ይወስዳሉ እንዴ?"

ክፉ አነጋገር አልነበረም። ፈገግ ብሎ ነው የጠየቀው። ጋሼ "እ… አዎ፣ ለጊዜው" ብለው ኩባያቸውን አዩ። አሁን ሳስበው ሁሉ ነገር በዚያ "ለጊዜው" ውስጥ ነበረ። ሦስት መቶ ሰው ፊት ተፈወስኩ ያለ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ክኒን ሲውጥ ራሱን ውሸታም አድርጎ ያያል። ቃሉን የሰጠው ለእግዚአብሔር ነው፤ በሰው ፊት ነው። የኛን ሰው የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ዳንኤል ያውቃል።

መጀመሪያ የማታውን ተዉ። ቀጥሎ የቀኑን። ሩት ክኒን ስትሰጣቸው ተቀብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይከቱት ነበር፤ በኋላ ነው ያገኘችው። ሆስፒታል ሲመጡ "ክኒንዎን እንደበፊቱ ይወስዳሉ?" ሲባሉ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። አስተርጓሚዋ "አዎ" ብላ ታስተላልፋለች። በአማርኛ ይህ አዎ ነው፤ አይደለምም ነው። እግራቸው እንደገና ሲከብድ ለምን ባሰባቸው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሕክምናው የማያቋርጥ መሻሻል አያመጣም ተባለ።

አንድ ጠዋት ሩት ደወለችልኝ። እየጮኸች በአማርኛ ተናገረች፤ በአማርኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። "አባዬ ደረቀ! አባዬ ደረቀ!"

ብቻቸውን ሊወርዱ ወጥተው ነበር። ሊፍቱ በር መሐል ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደርቆ ወደቁ። በሩ ይዘጋል፣ ጎናቸውን ይነካል፣ ይከፈታል። ይዘጋል፣ ይነካል፣ ይከፈታል። ጎረቤታቸው የገበያ ጋሪዋን በሩ ላይ ወትፋ አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ክኒኑ ሲቋረጥ ሰውነት እንዲህ እንደሚገተር፣ እንደሚያተኩስ፣ ሰው ሊሞትበትም እንደሚችል በዚያ ሳምንት ተማርኩ።

ሰው ሲጎዳ የቱ እንደደረሰው ለማየት ዕጣውን ይከፍቱታል። ዶክተር ሂዩ እኔና ሩት የተቀመጥንበት መጣ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ እፎይታ ነበር። "መሣሪያው አይደለም የጎዳቸው። የደረሳቸው ባዶው ነበር" አለ። ቀጥሎ፣ "እንዲያም ሆኖ ያን ያህል መሻሻላቸው በጣም ኢንተረስቲንግ ነው።"

ሩት "ኢንተረስቲንግ?" አለች።

እኔ ግን ያን ቀን ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "ባዶ የደረሰው በመጨረሻ እውነተኛውን ያገኛል ብለሃል። ከዚህ ሲወጡ እውነተኛውን ስጣቸው" አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

"አይቻልም ቲ። ክኒናቸውን ስለቀየሩ ከጥናቱ ወጥተዋል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ፈርመውበታል።"

"ሰውየው ባዶ ሳህን በልተው አመሰገኑህ!"

"ይገባኛል" አለኝ። ምኑም አልገባውም። እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያደርግ ሲል ዞርኩበት።

ሎሬንን ያገኘኋት ሻይ የምናፈላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መዳፏን ኩባያው ላይ ታሞቃለች። ማንም ሳይመጣባት ልማዷ ሆኖ።

"የጋሼን ኮይል ክንድሽ ላይ ለምን አላደረግሽም?" አልኳት።

"ምንም ስለማያደርግ" አለች።

"በየቀኑ እያወቅሽ?"

"በየቀኑ እያወቅሁ። ለአንቺ ብነግርሽ ፊትሽ ይነግራቸዋል። አንቺ የማትናገሪው በአፍሽ ብቻ ነው።" ኩባያውን አስቀመጠች። "ባዶው ከሌለ እውነተኛው ይሥራ አይሥራ አይታወቅም። ያለዚያ ለሚቀጥለው በሽተኛ ግምት ነው የምንሸጥለት። ይህን ትረጂያለሽ።"

እረዳለሁ። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት እንጂ ደደብ አይደለሁም። በባዶም ሰው ከተራመደ የማግኔቱን ድርሻ ለማወቅ ባዶ ያስፈልጋል። ይሁን። ግን ለእናንተ ዕውቀት ሲባል ባዶ የቀረበለት ሰው፣ ምግቡ ሲደርስ "ሳህኑን በትክክል አልያዝክም" ተብሎ ከበር አይመለስም። ከበር ነው የመለሱት።

"እንዲያደርጉላቸው ሁለቴ ጠይቄያለሁ" አለች ሎሬን ዓይኔን ሳታይ። "ሁለቴም እምቢ አሉኝ።"

"ሦስተኛ ጠይቂያ።"

"ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል ቲ።"

በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የተማርኩባት ሰው ናት። መዳፌን ሳላሞቅ ዛሬም የልጄን ፊት አልነካም፤ ይህ ከሷ የወሰድኩት ነው። ይቅር ማለትን ግን አልወሰድኩም።

የባሰው ገና ነበር። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። በሚቀጥለው እሑድ ዳንኤል መድረክ ላይ ወጥቶ፣ "ማሽኑ ባዶ ነበር ወገኖች! ባዶ! ታዲያ ያ እግር በማን ተነሣ?" አለ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣ ደረሰ። ጋሼ በዚያ ሰዓት ሆስፒታል ውስጥ በማንኪያ ይመገባሉ። "ፈውስ ግን በእምነት ይጠበቃል" ሲል ጨመረ፤ ጥፋቱን እንዲህ አድርጎ ሽማግሌው ላይ ጭኖ ወረደ።

በሩ ላይ ጠበቅኩት። "ወንድም ዳንኤል፣ ክኒኑን አሁንም ይወስዳሉ ወይ ብለህ የጠየቅኻቸው አንተ ነህ።"

"እህት ትዕግሥት፣ ጠየቅሁ እንጂ ተዉ አልኩ?"

አላለም። እውነቱን ነው። ዶክተሩም ነግሯል፤ እውነቱን ነው። አስተርጓሚዋ በትክክል ተርጉማለች። ሎሬን ሁለቴ ጠይቃለች። ሁሉም ንጹሕ ነው። እንዲያ ያለ ንጹሕ ሰው የሞላበት ቦታ አንድ ሽማግሌ በር መሐል ይወድቃል። የምናደደው በዚህ ነው፤ በጥፋት የሚያዝ ሰው በማጣቴ።

ሥራውን በዚያው ወር ለቀቅሁ። ዶክተር ሂዩ የስንብት ኬክ አስገዝቶ ነበር። አልቆረስኩም።

ጋሼ ድነው ከሆስፒታል ቢወጡም እግራቸው ግን አልተመለሰም። መጦሪያ ገቡ። የደረሳቸው ባዶው እንደነበር የነገራቸው የለም። ሩትን ስጠይቃት "ዩ ቴል ሂም። አይ ካንት" አለችኝ፤ አንቺ ንገሪው፣ እኔ አልችልም ማለቷ ነው። እኔም ብዙ ሳምንት እየሄድኩ ጥፍራቸውን ቆርጬ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ፣ ሳልነግራቸው ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ድፍረት ይዤ ሄድኩ። ያ ቀን የመጨረሻችን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ በዚያው ሳምንት ሳንባ ምች ይዟቸው አረፉ።

ተሽከርካሪ ወንበራቸው መስኮት አጠገብ ነበር። ውጭ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጥሩምባው ጢጥ ጢጥ ይላል። "ይሄ ረዳት የለውም" አሉ፤ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል። አጠገባቸው ተንበረከክኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዕጣውን፣ ሁለቱን ኮይል፣ ሎሬን ክንዷ ላይ አለማድረጓን። "ባዶ ሳህን ነው ያቀረቡልዎ ጋሼ" አልኩ። እሳቸውም አብረውኝ እንዲናደዱ ነበር የፈለግኩት። ሁለት ሆነን እንድንናደድ።

ፊታቸው እንደሆነው ነው፤ ከፊታቸው ምንም አይነበብም። ከዚያ ትከሻቸው መነቃነቅ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ። ጎንበስ ብዬ ዓይናቸውን ሳየው፣ እየሳቁ ነው። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

"ታዲያ ረዳቴ" አሉኝ፣ "ያን እሑድ ሊፍቱ ውስጥ የገባው ማን ነው?"